አርማታው እስኪጠነክር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወይም በዳርቻው የሚኖር ሰው ከሃያ ዓመታት በላይ ከግንባታ አጥር ርቆ አያውቅም። ቀለበት መንገዱ ከነእግረኛ መሸጋገሪያዎቹ፣ የጎተራው ማሳለጫ፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቃሊቲ መስመር ቀላል ባቡር፣ ለቡ ያለው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ፣ ከፑሽኪን አደባባይ ወደ ጎተራ የሚወስደው መንገድ ከነዋሻው፣ ሁሉም በነዋሪው ዓይን ፊት ተቆፍረው፣ ታጥረው፣ አርማታ ተሞልቶባቸው ያለቁ ናቸው። ነዋሪው ስለ ድልድይ ሲሰጋ ግን የሚሰጋው ላለቀው ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይንቀጠቀጣል፣ በክረምት ትንሹ አቃቂ ሲሞላ ውሃው ምሰሶውን ይገፋል፤ "ይችለው ይሆን?" ይባላል። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ግማሽ ድልድይ ግን ገና መኪና አልወጣበትም፣ በዚያ ላይ ዙሪያውን ተደግፏል፤ ስለዚህ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም።

መሐንዲሶች የሚያውቁት ተቃራኒውን ነው። ያለቀ ድልድይ ሸክም የሚከፋፍሉት ክፍሎቹ ሁሉ ተያይዘዋል፤ አርማታው ጠንክሯል፣ ብሎኖቹ ጠብቀዋል። በሥራ ላይ ያለው ድልድይ ግን የዛሬ ቅርጹ የትናንቱ አይደለም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል። በንድፉ ላይ ያለው ስሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስላለቀው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ተሞልቶ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ያ ግማሽ ድልድይ በምን እንደሚቆም ራሱን የቻለ ስሌት ያስፈልገዋል። በግንባታ ላይ ሳሉ የወደቁ ድልድዮችን ታሪክ ያነበበ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ ስለ መጨረሻው ቀን በቂ ታስቧል፣ ስለ ማክሰኞዋ ግን ማንም አላሰበም፣ ወይም ያሰበው ሰው ሥራውን ለማስቆም ሥልጣን አልነበረውም።

ከድጋፉ እንጀምር። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ሐዘን ገና ከልብ አልወጣም። ለእመቤታችን ዓመታዊ ክብረ በዓል የመጡ ምዕመናን በግንባታ ላይ ያለውን ሕንፃ ለማየት ገብተው ሳለ የእንጨቱ እርብራብ ተደረመሰ፤ በመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች ብቻ ቢያንስ 36 ሰዎች እንደሞቱ ተነገረ። በእርግጥ ቤተ ክርስቲያን ድልድይ አይደለም። ነገር ግን እዚያ የተደረመሰው ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ የሚሄደው እርብራብ ነው፤ ለድልድይም ትልቁ ሥጋት ከዚህ ጊዜያዊ ነገር ይመጣል። ለልስንና ለቀለም ቅብ የሚቆም እርብራብ በካሬ ሜትር 150 ወይም 200 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ታስቦ ይሠራል፤ ተጠጋግቶ ለሚቆም ሕዝብ ግን መሐንዲሶች እስከ 500 ኪሎ ያስባሉ። ለጥቂት ግንበኞች የበቃ እንጨት ለበዓል ሕዝብ አይበቃም። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ስሌት የማይሠራለት፣ ንድፍ የማይወጣለት፣ "የለመደ አናጢ ያቆመዋል" የሚባለው ነገር በዚያች ሰዓት የሰው ሕይወት የቆመበት ዋናው መዋቅር እሱ ነው።

ድልድይ ላይ ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ የመንገድ ድልድይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል 25 ሜትር ይርዘም፣ 10 ሜትር ይስፋ፤ የአርማታው ውፍረት በአማካይ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 150 ሜትር ኩብ አርማታ ማለት ነው። አንዱ ሜትር ኩብ ከነፈሮው 2.5 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ በአንድ ቀን ሙሌት 375 ቶን እላዩ ላይ ይፈስሳል። የፈሰሰው አርማታ በዚያን ቀን ክብደት እንጂ ጉልበት የለውም። ራሱን እንኳ አይሸከምም። በሦስተኛው ቀን ትንሽ፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ከታሰበው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህል ያገኛል፤ ጥንካሬው በሙሉ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ 375ቱ ቶን የሚቀመጠው በብረት ቱቦ ወይም በባህር ዛፍ ቋሚ ላይ ነው።

ቋሚው የሚሸነፍበት መንገድ ሰዎች እንደሚገምቱት አይደለም። አንድ የፕላስቲክ ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከላይ በመዳፍዎ ይጫኑት። አይደቅቅም፤ ወደ ጎን ይለመጣል። አሁን ሌላ ሰው መካከሉን በሁለት ጣቱ እንዲይዝልዎ አድርገው እንደገና ይጫኑት፤ ብዙ ይቸግርዎታል። የስዊሱ የሂሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር ይህን እ.ኤ.አ. በ1744 በቀመር አስቀምጦታል፦ ለመለመጥ የሚያበቃው ሸክም የሚወሰነው በቋሚው ርዝመት ካሬ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። አራት ሜትር የሚረዝም ቋሚ እወገቡ ላይ በየአቅጣጫው በደንብ ከታሰረ አራት እጥፍ ይሸከማል። ሰያፍ ማሰሪያ የሚባለው፣ ከቋሚ ወደ ቋሚ ጋደል ብሎ የሚሄደው እንጨት ወይም ቱቦ፣ ለጌጥ የገባ አይደለም። እሱ ሲጎድል አንድም ቋሚ ሳይሰበር እርብራቡ በሞላ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ስለ ባህር ዛፍ ብዙ ክፉ ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባህር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ነው፤ አዲስ አበባ የተሠራችው በእሱ ላይ ቆማ ነው። ችግሩ ያለው በመጋጠሚያው ነው። አንዱ ቋሚ ሲያጥር ሌላ ጉማጅ ከላዩ ተደርቦ በሁለት ምስማር ይያዛል፤ እግሩ ሥር ከፍታውን ለማስተካከል ብሎኬት፣ በብሎኬቱ ላይ የጣውላ ቁራጭ ይገባል፤ ቀጥ ያለው እንጨት ስላለቀ ጎባጣው ይቆማል። እንዲህ የቆመ ቋሚ ከብረት ቢሆንም ያው ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ሳንድተንን ከአሌክሳንድራ ለሚያገናኝ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ የቆመው ጊዜያዊ መዋቅር ዘመናዊ የብረት ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2015 መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሲሞቱ 19 ቆሰሉ።

ከቋሚው ሥር ደግሞ መሬቱ አለ፤ በኛ በኩል ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በደቡባዊ አዲስ አበባ ሰፊ ቦታ ላይ የተነጠፈው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የድልድዩ ቋሚ ምሰሶ ይህን አፈር አልፎ ጠንካራ አለት ወይም ጠጣር መሬት እስኪያገኝ ይቆፈርለታል። የጊዜያዊው ድጋፍ እግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ላዩ ላይ ነው፤ በሚያዝያ የተቆመው ድጋፍ ሙሌቱ ዘግይቶ ሐምሌ ላይ ቢደርስ መሬቱ ያው መሬት አይደለም። የአንዱ ቋሚ እግር ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሰምጥ የሱ ድርሻ ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ ከታሰበላቸው በላይ ይሸከማሉ። ቬትናም ውስጥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2007 በካን ቶ ድልድይ መዳረሻ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በጊዜያዊው ድጋፍ መሠረት ላይ መሬቱ እኩል ባልሆነ ሁኔታ ሰመጠ፤ አዲስ የተሞላው የድልድዩ አካል ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ወረደ፤ ከ50 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ድልድዩ ራሱ ዛሬ ቆሞ ያገለግላል፤ ንድፉ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም።

ከሥር መደገፍ የማይቻልበት ቦታም አለ። የዓባይ በረሃን የሚሻገረው፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ከወንዙ ወለል እንጨት አቁሞ አይሠራም። እንዲህ ያለው ድልድይ ከየምሰሶው አናት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቁራጭ በቁራጭ እየተሞላ፣ ሁለቱ ክንዶች እየተመዛዘኑ ያድጋል። እዚህ መሐንዲሱ ወዶ ሳይሆን ተገዶ የእያንዳንዱን ቀን ስሌት ይሠራል፤ በግራ አንድ ቁራጭ ሲጨመር በቀኝ ምን መሆን እንዳለበት፣ ክንዱ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ታች እንደሚወርድ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ቀያሹ በየማለዳው የሚለካው ከዚያ ወረቀት ጋር ይተያያል። አስቸጋሪው ድልድይ ብዙ ጊዜ በሰላም የሚያልቀው፣ ቀላል የሚመስለው የሚወድቀው፣ እንደኔ ግምት ከዚህ የተነሣ ነው።

ልኬቱ ከወረቀቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ምን ይደረጋል? የዚህ ጥያቄ ዋናው ታሪክ ካናዳ ነው ያለው። በሴይንት ሎረንስ ወንዝ ላይ የኩቤክ ድልድይ ሲታቀድ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ 488 ሜትር ነበር፤ ኋላ ወደ 549 ሜትር አደገ። ድልድዩ ሲረዝም ክብደቱ ይጨምራል፤ ክብደቱ ግን በጊዜው ተመልሶ አልተሰላም። ስህተቱ ሲታወቅ ብዙ ብረት ተሠርቶ፣ ከፊሉም ቆሞ ነበር። ዋናው አማካሪ ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ ስሙ የገነነ መሐንዲስ ነው፤ አርጅቶና ታሞ ኒውዮርክ ተቀምጦ ነበር፤ ብረቱ መቆም ከጀመረ በኋላ ቦታው ድረስ አልሄደም። ጭማሪውን ሸክም "ይቻላል" ብሎ አሳለፈው።

እ.ኤ.አ. በ1907 በጋ ላይ ከታች ያሉት፣ ድልድዩን በመገፋት የሚሸከሙት ወፋፍራም የብረት ክንዶች መጉበጥ ጀመሩ። ቦታው ላይ ያለው ወጣቱ መሐንዲስ ኖርማን ማክሉር ለካቸው፤ አንዱ ክንድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ19 ሚሊ ሜትር ወደ 57 ሚሊ ሜትር ጎብጧል። ሳይቱ ላይ ክርክር ተነሣ። ከፊሉ "ብረቱ ከፋብሪካ ሲመጣም እንዲሁ ነበር" አለ። ይህን አባባል ልብ ይሏል! በየትኛውም ሳይት፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ አደጋ ሲቃረብ የሚሰማው እሱ ነው፤ ድሮም እንደዚህ ነበር ይባላል። ማክሉር ባቡር ተሳፍሮ ኒውዮርክ ሄደ። ኩፐር ነገሩን ሲሰማ ሸክም እንዳይጨመር የሚያዝ ቴሌግራም ላከ፤ የላከው ግን ብረቱ ወደሚሠራበት ወደ ፔንሲልቬንያ እንጂ ሠራተኞቹ ወዳሉበት አልነበረም። እዚያ ያሉት ኃላፊዎች አነበቡት፣ ተወያዩ፣ ጉዳዩን ለነገ አሳደሩት። ያን ዕለት ኦገስት 29፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ሠራተኛው የመውጫውን ፊሽካ በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ድልድዩ ወንዙ ውስጥ ገባ። ላዩ ላይ ከነበሩት 86 ሰዎች 75ቱ ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ ከአንድ የሞሃውክ መንደር የመጡ የብረት ሠራተኞች ነበሩ። ድልድዩ እንደገና ሲሠራ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1916 የመካከሉ አካል ወደ ላይ እየተጎተተ ሳለ አምልጦ ወደቀ፤ 13 ሰዎች ተጨመሩ። የካናዳ መሐንዲሶች በትንሿ ጣታቸው የሚያደርጉት የብረት ቀለበት ከዚያ ድልድይ ስብርባሪ የተሠራ ነው የሚባለው ተረት ነው፤ ሥርዓቱ ግን እውነት ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1925 ጀምሮ አለ።

ኩቤክ የሩቅ ዘመን ስለሆነ፣ ቴሌግራም የሚባል ነገር ስላለበት፣ አንባቢ "ዛሬ ስልክ አለ" ሊል ይችላል። ስለዚህ ወደ እ.ኤ.አ. 1970 እንምጣ። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፤ ዌስት ጌት ድልድይ። ይህ ድልድይ በባዶ ሳጥን መልክ ከላሜራ የተበየደ ብረት ነበር። ሳጥኑን በአንድ ጊዜ ማንሳት ስለሚከብድ፣ አንዱን 112 ሜትር የሚረዝም ክፍል በቁመቱ ለሁለት ከፍለው፣ እያንዳንዱን ግማሽ መሬት ላይ ሠርተው፣ አንሥተው ላይ ሊያገጣጥሟቸው ወሰኑ። ግማሽ ሳጥን ማለት አንዱ ጎኑ ክፍት የሆነ ነው፤ የላይኛው ላሜራ ጠርዙ የሚደገፍበት ነገር የለም። ሁለቱ ግማሾች ላይ ወጥተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። አልገጠሙም።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ሁሉ ቅን ሰዎች በቅን ልብ የሠሩት ነው። ከፍ ያለውን ለማውረድ እያንዳንዳቸው ስምንት ቶን የሚመዝኑ የኮንክሪት ብሎኮች ጫኑበት። ወረደ፤ ግን የላይኛው ላሜራ በመካከሉ ተጨማዶ ጎበጠ። ያ ጉብጠት ብረቱ አቅሙ እንዳለቀ የሚናገርበት ምልክት ነበር። እነሱ ግን እንደ ገጽታ ጉድለት አዩት፤ ሊያቃኑት ፈለጉ። ለማቃናት ደግሞ ላሜራው ከላሜራ የተያያዘበትን ብሎን መፍታት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1970 ጠዋት ከ30 በላይ ብሎኖች ተፈትተው ነበር፤ በእያንዳንዱ ብሎን መፈታት ሸክሙን የሚይዘው ብረት ቀነሰ። ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው 2,000 ቶን ብረትና ኮንክሪት ወደቀ። 35 ሠራተኞች ሞቱ። የሠራተኞቹ ማረፊያ ጎጆዎች ከድልድዩ ሥር ነበሩ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ከስሌት ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ ማንም ሰው፣ መሐንዲስ ያልሆነም፣ አይቶ "ጎጆውን ከዚያ አንሡት" ሊል ይችል ነበር።

ከዚያ በፊት በአራት ወር ተኩል፣ ጁን 2 ቀን፣ ዌልስ ውስጥ በሚልፎርድ ሄቨን ተመሳሳይ የሳጥን ድልድይ በግንባታ ላይ ሳለ ወድቆ አራት ሰዎች ገድሏል። የንድፉ አማካሪ ድርጅት አንድ ነበር። የሜልቦርን ሠራተኞች ዜናውን ሰምተው ሰግተዋል፤ ሥጋት የለም ተብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። በዓመቱ ኖቬምበር 10 ቀን 1971 ጀርመን ኮብሌንዝ ላይ ሌላ ወደቀ፤ 13 ሞቱ። አውሮፓ የሳጥን ድልድይ ደንቡን እንደገና የጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ እግረኛ መሸጋገሪያ እንመለስ፤ ቀለበት መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው በየቀኑ የሚወጣበት ነገር ስለሆነ። ማያሚ ውስጥ የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንገድ እንዲሻገሩበት 53 ሜትር የሚረዝም፣ 950 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ድልድይ ከመንገዱ ዳር ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2018 በአንድ ማለዳ ተነሥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከተማው አጨበጨበ። ጫፉ ላይ፣ ሰያፉ ክንድ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ስንጥቅ ነበር። ስንጥቁ ሰፋ። ኋላ መርማሪዎቹ ሲጽፉ በተለምዶ ከሚፈቀደው 40 እጥፍ ይበልጥ ነበር ብለዋል። ማርች 15 ጠዋት መሐንዲሶቹ ስለዚሁ ስንጥቅ ተሰብስበው ተወያዩ፣ ለሕዝብ አያሰጋም ተባለ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች የዚያን ክንድ የውስጥ ብረት እያጠበቁ ሳለ ድልድዩ ወደቀ። ከሥር ያለው ስምንት መስመር መንገድ በአብዛኛው አልተዘጋም ነበር፤ ቀይ መብራት ይዟቸው የቆሙ መኪኖች ተጨፈለቁ፣ ስድስት ሰዎች ሞቱ።

የመርማሪው ቦርድ የጻፈውን ዘገባ ያነበበ ሰው ሁለት ስህተት ያገኛል። የመጀመሪያው የስሌት ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከእውነተኛው አንሶ ተገምቷል። እንዲህ ያለ ስህተት ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል። ሁለተኛው ግን አንድ አጥርና አንድ የትራፊክ ፖሊስ የሚያርመው ነበር፤ መንገዱ መዘጋት ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ መዝጋት ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ የጎፋና የሳሪስ ነዋሪ አይነገረውም። ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ላይ አንድ መስመር ሲዘጋ ከተማው ግማሽ ቀን ይቆማል፤ ስልክ ይደወላል፣ አለቃ ይቆጣል። ስለዚህም መንገዱን ለመዝጋት የሚወስነው ሰው ከዚያ ስልክ የማይፈራ መሆን አለበት።

በአጭሩ የማነሣቸው፣ ግን ላልፋቸው የማልፈልጋቸው ሁለት አደጋዎች አሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኢንጃካ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1998 አንድ ድልድይ ከአንድ ዳር እየተገፋ ወደ ሌላው ሲሻገር ወደቀ፤ ጊዜያዊ መንሸራተቻዎቹ የድልድዩን ወለል የነኩት መሸከም በሚችለው ጠርዝ ሥር ሳይሆን በስሱ ክፍል ሥር ነበር። 14 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሥራውን ለማየት የመጡ እንግዶች ነበሩበት። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ፣ በንዞያ ወንዝ ላይ ይሠራ የነበረው የሲጊሪ ድልድይ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2017 መካከሉ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ከጎበኙት ሁለት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው፣ አገሪቱም ለምርጫ ሳምንታት ቀርተዋት ነበር። ጉብኝቱ ድልድዩን ጣለው ማለቴ አይደለም። ግን የባለሥልጣን ጉብኝት ያለበትን ሳይት የሚያውቅ ሁሉ እነዚያ ቀናት እንዴት እንደሆኑ ያውቃል፤ ቀለም ይቀባል፣ አበባ ይተከላል፣ ሙሌቱ ወደፊት ይገፋል። ጎብኚ የሚያየው ከላይ ያለውን ነው። ከሥር ገብቶ የሰያፍ ማሰሪያውን ብሎን የሚነካ ሚኒስትር እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ ማን ያየው? በኛ አገር የመንገድ ሥራ፣ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሆነ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን፣ ንድፉ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ያለቀውን ድልድይ ነው። በምን ተደግፎ እንደሚሞላ የሚወስነው ኮንትራክተሩ ነው፤ የአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ አይቶ ያጸድቃል። ወረቀቱ ላይ ይህ ጥሩ ነው። ሳይቱ ላይ ግን ስሌቱ በእንግሊዝኛ፣ ትእዛዙ በቻይንኛ፣ ሥራው በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ወይም ከጋሞ በመጣ ወጣት አፍ፣ በሆነበት ቦታ "ይቺ ቋሚ ተንጋዳለች" የሚል ቃል ከእርብራቡ ሥር እስከ ቢሮ ድረስ ስንት ጆሮ ማለፍ እንዳለበት ያስቡት። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ሬዲንግ አጠገብ በሎደን ወንዝ ላይ የድልድይ ድጋፍ ወድቆ ሦስት ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ በ1975 የወጣው የብራግ ኮሚቴ ዘገባ ያመጣው መፍትሔ በጣም ተራ ነው። ለጊዜያዊ ሥራዎች ብቻ ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው በስም ይሰየም አለ። ያ ሰው ድጋፉን ካላየና ካልፈረመ አርማታ አይፈስስም፤ እሱ ካልፈቀደም ድጋፍ አይነሣም። 

እኛ ጋም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው ደኅንነት አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። የጎደለን ሕግ አይመስለኝም። የጎደለው ያ ስም ነው። ሳይቱ በር ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የባለቤቱ፣ የኮንትራክተሩና የአማካሪው ስም፣ የውሉ ዋጋና የማጠናቀቂያው ቀን ይጻፋል። ለድጋፉ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚናገር መስመር ቢጨመር ቀለሙ ብዙ ብር አይፈጅም።

አርማታው ሲጠነክርም ነገሩ አላለቀም። ድጋፉ መነሣት አለበት፤ ብዙ ኮንትራክተር የሚቸኩለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፣ ቱቦውና ጣውላው ለሚቀጥለው ሙሌት ይፈለጋልና። በሙሌቱ ቀን የተወሰዱት የአርማታ ኩቦች በላቦራቶሪ ሳይሰበሩ፣ ጥንካሬያቸው ሳይታወቅ፣ በግምትና በቀን ቆጠራ ብቻ ማንሳት ቁማር ነው፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ብርድ አርማታ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ስለሆነ። ቅደም ተከተልም አለው። በሁለት ጫፉ ምሰሶ ላይ የሚያርፍ አግዳሚ ሲሆን ድጋፉ የሚነሣው ከመካከል ጀምሮ ወደ ጫፎቹ ነው፤ አግዳሚው ቀስ እያለ ወደ ታች ይረግባል፣ ሸክሙን ከሥር በኩል ያለው ፈሮ ይረከባል። አንድ ሰው ለሥራ ስለተመቸው ከዳር ጀምሮ ቢያነሣ፣ አግዳሚው ለጥቂት ሰዓት መካከሉ ላይ በቀሩት ቋሚዎች ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ የሚሳበው ላዩ ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ ፈሮ አልተቀመጠም። ወደ ውጭ የወጣ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተያዘ እንደ በረንዳ ያለ አካል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መጀመር ያለበት ከነጻው ጫፍ፣ መጨረስ ያለበት ግድግዳው ጋ ነው። ይህን የሚያውቅ ፎርማን ድጋፉ መነሣት ከመጀመሩ በፊት በኖራ ወይም በቀለም በየቋሚው ላይ ቁጥር ይጽፍበታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ።